ጥሩ ከርከዴ ከእሳት የሚወርደው መቼ ነው?

ከርከዴን አበባ እንለዋለን። «የአበባ ሻይ» የሚሉትም አሉ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ድስት ውስጥ የምንጨምረው አበባውን አይደለም። አበባው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ መሀሉ ላይ ብቻ ጠቆር ያለ ቀይ ጣል ብሎበታል። ፈክቶ ብዙም አይቆይ፤ ቢበዛ አንድ ቀን ውሎ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። ከሥሩ አቅፎ ይዞት የነበረው ሽፋን ግን አብሮት አይረግፍም። እንዲያውም ማበጥ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ዘሩን በውስጡ እንደያዘ ይወፍራል፣ ይቀላል፣ ውሃ ይሞላል። የሚለቀመው ይኸው ሥጋማ ቀይ ሽፋን ነው። ዘሩ ወጥቶለት፣ ደርቆ ነው እጃችን የሚገባው።

ይህን ያስቀደምኩት ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። መጠጡን የምናበላሸው ብዙ ጊዜ ነገሩን እንደ ሻይ ቅጠል ስለምናየው ነው። ሻይ ቅጠል ቅጠል ነው። ይህ ግን ጠባዩ ለፍራፍሬ ይቀርባል። አሲድ አለው፣ ቀለም አለው፣ ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ሙጫ መሰል ነገርም አለው። እንደ ደረቅ ፍራፍሬ ካሰባችሁት ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በቀላሉ ይገባችኋል።

የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሂቢስከስ ሳብዳሪፋ ነው። ጥጥ፣ ባሚያና ካካዎ ከአንድ ቤተሰብ የሚቆጠሩ ዘመዶቹ ናቸው። እሽጉ ላይ ሮዜል፣ ሶረል፣ ቢሳፕ ወይም ሃማይካ የሚል ካያችሁ አትደናገሩ፤ ያው ከርከዴ ነው። በየግቢው ለውበት የሚተከለው ትልልቅ አበባ ያለው ሂቢስከስ ግን ሌላ ዝርያ ነው። ከእሱ ቆርጣችሁ እንዳታፈሉ። ለጌጥ የተተከለ ተክል ለምግብ የማይሆን የነፍሳት መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል፤ ደግሞም የምንፈልገው ወፍራም ሽፋን የለውም።

ድስቱ ውስጥ ምን ይወጣል?

ከከርከዴ ወደ ውሃው የሚወጡ ሦስት ዋና ነገሮች አሉ። ሦስቱ በአንድ ጊዜ አይወጡም። የዚህ መጠጥ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። አንቶሲያኒን የሚባል የቀለም ዓይነት ነው፤ ጥቁር ወይንና ቀይ ጎመን ውስጥም አለ። ውሃ ይወዳል። ደረቁን ከርከዴ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት እንኳ ቀይ ጅረት እየሠራ ሲወርድ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ሰከንዶች ይበቁታል። እንዲህ ለመውጣት የቸኮለውን ያህል ለመጥፋትም አይዘገይም። ረጅም እሳት ያፈርሰዋል። ብርሃን ያደበዝዘዋል። አሲዱ ሲቀንስበትም መልኩን ይቀይራል።

ሁለተኛው ኮምጣጤነቱ ነው። ሎሚን ሎሚ የሚያደርገው ሲትሪክ አሲድ አለው፤ ፖም ውስጥ የምናገኘው ማሊክ አሲድም አለው፤ በራሱ ስም የሚጠራ ሂቢስከስ አሲድ የሚባልም አለው። አሲድነት የሚለካበት ፒኤች የሚባል ሚዛን አለ። ንጹህ ውሃ 7 ላይ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ደግሞ በ10 እጥፍ። ጠንከር ያለ ከርከዴ ከ2.5 እስከ 3 ባለው መካከል ይገኛል። የሎሚ ጭማቂ ጎረቤት ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ስለ ድስት፣ ስለ ወተት፣ ስለ ጥርስ ስናወራ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ምላስ የሚይዘው ነገር ነው። ያልበሰለ ሙዝ ስትነክሱ አፋችሁ የሚደርቀውን ስሜት አስታውሱ። ምራቃችን ውስጥ አፍን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉ። ታኒን የሚባሉት የተክል ውህዶች እነዚያን ፕሮቲኖች ይይዟቸዋል፤ ምላስ ሸካራ ይሆናል፣ ድድ ይጨመደዳል። ትንሽ ሲሆን ለመጠጡ ወዝ ይሰጠዋል። ሲበዛ ግን ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል። ከዚሁ ጋር ፔክቲኑ እየወጣ መጠጡን ያወፍረዋል፣ ያደፈርሰዋል።

ቀለሙና ኮምጣጤነቱ ችኩሎች ናቸው። ምላስ የሚይዘውና የሚያወፍረው ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለመውጣት ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ከርከዴ በተንተከተከ ቁጥር የምንጨምርበት የማንፈልገውን ነው፤ የምንቀንስበት ደግሞ የምንፈልገውን ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። መጀመሪያ ያፈላሁ ጊዜ «በደንብ ይውጣ» ብዬ 40 ደቂቃ ያህል አንተከተክሁት። ቀለሙ ደበዘዘ፣ መጠጡ ከበደ፣ ምላሴን እንደ ብርድ ልብስ ጠቀለለው። ስኳር ጨመርኩበት፤ ጣፈጠ እንጂ ድርቀቱ አልሄደም። በማግስቱ ከዚያው እሽግ ወስጄ የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ከድኜ 12 ደቂቃ ብቻ አቆየሁት። ሌላ ተክል የጠጣሁ ነው የመሰለኝ። ደማቅ፣ ቀለል ያለ፣ ሲዋጥ አፍን የሚያነቃ መጠጥ ሆነ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቀላል ነው፤ በዚህ መጠጥ ውስጥ ትልቁ ሙያ ማቆምን ማወቅ ነው።

ስትመርጡና ስታጥቡ

ጥሩ ደረቅ ከርከዴ ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ ቀለም አለው። ቁርጥራጩ ትልልቅ ነው፤ አንዳንዱ የአበባ ጽዋ ቅርጹን እንደያዘ ነው። ሲያሸቱት ኮምጠጥ ያለ የፍራፍሬ ሽታ ይሰጣል። ቡናማ የሆነው ከርሟል። ከታች ዱቄት የበዛበት ተሰባብሯል ወይም በነፍሳት ተበልቷል። ተፈጭቶ የመጣውን እኔ አልመክርም፤ ያደፈርሳል፣ ለማጥለልም ያስቸግራል፤ ከምን ጋር እንደተፈጨም ማየት አይቻልም። ቤት ስታስገቡት ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት።

አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሚደርቅ አቧራና አሸዋ አያጣውም። እጠቡት፤ ግን በፍጥነት። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ለ5 ሰከንድ ያህል አሳልፉበትና አንሡት። ዘፍዝፋችሁ ካጠባችሁት ያ ችኩል ቀለም ከአቧራው ጋር ይፈስሳል።

ድስቱና ውሃው

ፒኤቹን አስታወሳችሁ? ይህን ያህል አሲድ ያለው ነገር አሉሚኒየም ድስት ውስጥ አይፈላም። አሲዱ ብረቱን ይነካዋል፤ መጠጡ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፣ ከአሉሚኒየሙም ወደ መጠጡ ይገባል። የማይዝግ ብረት፣ ልባጡ ያልተላጠ ኢናሜል ወይም እሳት የሚችል ብርጭቆ ተጠቀሙ። ቀለም የተቀባ የሸክላ ዕቃም ለዚህ አይሆንም፤ አንዳንዱ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ አሲድ ደግሞ እርሳሱን አሟሙቶ ያወጣዋል። ይህ ለማፍያው ብቻ አይደለም፤ ለማስቀመጫውም ይሠራል። ማፍያው ላይ ተጠንቅቆ ሌሊቱን በአሉሚኒየም ጆግ ማሳደር ትርጉም የለውም።

ውሃውም ለውጥ ያመጣል። ማዕድን የበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት ውሃ አሲዱን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ መጠጡ ከደማቅ ቀይ ወደ ወይን ጠጅ ያዘነብላል። አያስፈራም። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ቀዩን ይመልሰዋል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ብትፈልጉ ቀላል ሙከራ አለ። ሁለት ማንኪያ ከርከዴ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ። የቤኪንግ ሶዳ ቁንጥር ጣል አድርጉበት። አሲዱና ሶዳው ሲገናኙ አረፋ ይነሣል፤ ቀዩ ወይን ጠጅ ይሆናል። ትንሽ ስትጨምሩበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። ሎሚ ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ እየቀላ ይመለሳል። አንቶሲያኒን እንደ አሲዱ መጠን ቅርጹን ስለሚቀይር ነው። ልጆች ይህን ሲያዩ የሚሆኑትን ደስታ አልነግራችሁም። የተሞከረበትን ግን አትጠጡት፤ ይደፋ።

የሙቁ መንገድ

ለአንድ ሊትር መጠጥ 30 ግራም ደረቅ ከርከዴ በቂ ነው። ሚዛን ከሌላችሁ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ፣ ሳትጠቀጥቁ፣ አንድ ብርጭቆ ገደማ ብላችሁ ገምቱ። ቀለል ያለ የምትወዱ ወደ 20 ግራም ዝቅ በሉ።

ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉ። ሲፈላ እሳቱን አጥፉት። ከርከዴውን ጨምሩና ክደኑት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። በቃ። 10 ደቂቃ ላይ በማንኪያ ቅመሱት፤ ቀለሙ ሙሉ ሆኖ፣ ኮምጣጤነቱ ምላስ ጫፍ ላይ ጎልቶ፣ ድርቀቱ ገና ካልመጣ ያኔ አጥልሉት። ምላሳችሁ ጎን ላይ መያዝ ሲጀምር ዘግይታችኋል ማለት ነው።

ስታጠሉ አትጭመቁት። የቀረችው ጠብታ ታሳሳለች፤ አውቃለሁ። ግን ስትጭመቁት የሚወጣው ያ ወፍራሙና ደፍራሹ ነው። ወንፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይንጠባጠብ። ጥርት ያለ መጠጥ የሚፈልግ ሰው በንጹህ ጨርቅ ደግሞ ያጥልለው፤ ጨርቁ ግን ቀለሙን ስለሚይዝ ለዚሁ የተለየ ይሁን።

ከዚያ ስኳሩን፣ የምትጨምሩ ከሆነ፣ ገና ሞቅ እያለ አሟሙ። ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ ሊትር በቀዝቃዛ ንጹህ የመጠጥ ውሃ ሙሉት። በረዶ ካላችሁ ከውሃው ከፊሉ በረዶ ይሁን። በግማሽ ውሃ የማፈላው ለዚህ ነው። መጠጡ ወዲያው ይበርዳል፤ ቀለሙ ሙቀት ላይ ብዙ አይቆይም፤ በረዶ ሲገባበትም አይቀጥንም። ሙሉውን ሊትር አፍልተን በኋላ በረዶ ስንጨምር ነው ብዙ ጊዜ ውሃ ውሃ የሚለው።

እርጥብ ከርከዴ ያገኘ ሰው በዚያው መንገድ ይሠራል፤ መጠኑን ግን ይጨምር። እርጥቡ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ሩብ ኪሎ ገደማ ያስፈልገዋል። ዘሩን አውጥታችሁ፣ ሽፋኑን ቆራርጣችሁ ጨምሩ።

የቀዝቃዛው መንገድ

ጊዜ ካላችሁ ይህኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። 30 ግራም ከርከዴ፣ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ። ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ጠዋት ይጠለላል። እሳት ስላልነካው ምላስ የሚይዘው ነገር ብዙም አይወጣም። ቀለሙ ብሩህ ነው። ኮምጣጤነቱ እንኳ ለስለስ ያለ ይመስላል፤ ስለዚህ ስኳር ትንሽ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የፈላ ውሃ ጀርም ይገድላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይገድልም። ሜዳ ላይ የደረቀ ነገር ንጹህ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ስለዚህ ውጭ ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፤ በሁለት ቀን ይለቅ። ለትንንሽ ልጆች፣ ለአረጋውያንና ሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰዎች የሙቁን መንገድ ተጠቀሙ።

ስለ ስኳር ትንሽ ሰፋ አድርገን እናውራ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔንም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከርከዴ ሲኮመጥጥባችሁ እጃችሁ ወደ ስኳሩ ይሄዳል። ስኳር ግን አሲዱን አይቀንሰውም። ምላስን ብቻ ያታልላል። አሲዱ በሙሉ እዚያው አለ፤ ለጨጓራውም ለጥርሱም ያው ነው። አሁን በላዩ ላይ ብዙ ስኳር ተጨመረበት ማለት ነው። ስለዚህ ከኮመጠጠ መጀመሪያ ውሃ ጨምሩ። ቅመሱ። ከዚያ ነው ስኳር። በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ የስኳራችሁ መጠን ብዙ ይወርዳል። «ኮምጣጤነቱን ይስበርልኝ» ብሎ ቤኪንግ ሶዳ መጨመርም አለ፤ አታድርጉት። ቀለሙ ይሞታል፣ ጣዕሙም የሳሙና ነገር ይሆናል።

ለአንድ ሊትር 60 ግራም ስኳር ብታደርጉ በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 15 ግራም ይደርሳል፤ ወደ 4 የሻይ ማንኪያ ነው። ብዙ እንደሆነ ተሰማችሁ? የተለመደው የጠርሙስ ኮላ በአንድ ሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ተጨምሮ የሚገባ ስኳር ከቀኑ ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ብርጭቆ ከጠጣችሁ አልፋችሁታል። እኔ ከ60 ጀምሬ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየቀነስኩ አሁን 30 ግራም ላይ ነኝ። ምላስ ይለምዳል፤ እውነቴን ነው። ባንድ ጊዜ ለመቀነስ የሞከረ ግን ይጠላዋል።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ቅዝቃዜ የጣፋጭነትን ስሜት ያደበዝዛል። ሙቅ እያለ ልኩ የመሰላችሁ፣ በረዶ ሲገባበት የጎደለ ይመስላል። ስለዚህ ሙቅ ላይ ጨርሳችሁ አትፍረዱ። ግማሹን ስኳር አሟሙ፤ ሲቀዘቅዝ ቅመሱ፤ ከጎደለ ቀድሞ ከተሟሟ ስኳር ጨምሩ። ጠጣር ስኳር ቀዝቃዛ ውስጥ ሥር ይቀመጥና ለመሟሟት ይዘገያል።

ጨው የሚባለውንም አትናቁ። ለአንድ ሊትር የጣት ጫፍ ቁንጥር ብቻ። ጨውነቱ አይታወቅም፤ ምሬቱን ግን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጣፋጩ ጎልቶ ይወጣል።

ማር የሚወድ ሰው መጠጡ ለብ ሲል ይጨምር፤ ሽታው እንዳይሄድበት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር በፍጹም አይሰጥም፤ ለሕፃናት አደገኛ የሆነ የመመረዝ በሽታ የሚያመጣ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል።

ቅመምና ሌላ ሌላው

ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ናና፤ ሁሉም ይስማሙታል። ሁሉንም ባንድ ድስት መደባለቅ ግን አያስፈልግም፤ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ጊዜያቸው ይለያያል። ቀረፋና ቅርንፉድ ጠጣር ስለሆኑ ውሃው ሲፈላ ቀድመው ይግቡ፣ 5 ደቂቃ ይንተክተኩ፤ ከርከዴው የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ዝንጅብል ተከትፎ ከከርከዴው ጋር ይግባ። ናና ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ መጠጡ ሲቀዘቅዝ። ቅርንፉድ ላይ እጃችሁን ያዙ፤ ለአንድ ሊትር ሁለት ፍሬ ከበቂ በላይ ነው።

ወተት አይሆንም። የወተት ፕሮቲን ፒኤቹ ወደ 4.6 ሲወርድ ይረጋል፤ ከርከዴ ደግሞ ከዚያ በጣም በታች ነው። አንድ ማንኪያ ወተት ብትጨምሩ ወዲያው ቁርጥርጥ ብሎ ታዩታላችሁ።

እንግዳ ለሚበዛበት ቀን የሚሆን ደግሞ ወፍራም አድርጋችሁ መሥራት ትችላላችሁ። 60 ግራም ከርከዴ በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ 150 ግራም ስኳር አሟሙበት። ግማሽ ሊትር ገደማ ወፍራም ሽሮፕ ይወጣችኋል። ሲጠጣ አንድ እጁን በ4 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኑት፤ ከ2 ሊትር በላይ መጠጥ ይሆናል። ጋዝ ባለው ውሃ ከተቀጠነ ደግሞ ለስላሳ የሚያስንቅ ነገር ነው።

ምን ያህል ይቆያል?

አሲድ ስለሆነ አይበላሽም የሚሉ አሉ። አሲዱ ብዙ ባክቴሪያ ይከለክላል፤ እርሾንና ሻጋታን ግን አያቆምም። ስኳር ሲኖርበት ደግሞ እርሾ ደስ ይለዋል። በሙቅ የተሠራውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፤ ንጹህ ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጋዝ ሳትጨምሩበት አረፋ ካወጣ፣ የእርሾ ሽታ ካመጣ ወይም ላዩ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ ድፉት። ለረጅም ጊዜ የፈለጋችሁት እንደሆነ በበረዶ መሥሪያው ቅርጽ ውስጥ አቀዝቅዙት። የከርከዴ በረዶ መጠጡ ውስጥ ሲሟሟ ራሱ ከርከዴ ስለሆነ አያቀጥነውም።

ጤናን በተመለከተ

ስለ ከርከዴ የማይባል ነገር የለም። ከሚባለው ውስጥ ጥሩ መሠረት ያለው የደም ግፊት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት፣ ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ 65 አዋቂዎች ለ6 ሳምንት ተሳተፉ። ከፊሎቹ በየቀኑ ሦስት ኩባያ የከርከዴ ሻይ፣ ሌሎቹ ደግሞ እሱን የሚመስል ሌላ መጠጥ ጠጡ። ከርከዴ የጠጡት የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ 7 ገደማ ወረደ፤ የሌሎቹ 1 ገደማ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መድኃኒት ይተካል ማለት ግን በፍጹም አይደለም። የሰዎቹም ቁጥር ጥቂት ነው፣ ጊዜውም አጭር።

በዚሁ ምክንያት የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በየቀኑ ብዙ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ሁለቱ ተደራርበው ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን ደግሞ ከከርከዴ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ በሕክምናው ቀናት ቢተው ይሻላል። ለነፍሰ ጡሮችም ደኅንነቱ በበቂ ስላልተጠና እንዲያስወግዱት ይመከራል። ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው ባዶ ሆዱን አይጠጣው።

ቀይ ስለሆነ ደም ይጨምራል የሚባለውንም ልንካው። ቀለሙ ከብረት የመጣ አይደለም፤ አንቶሲያኒን ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው በዚህ ተማምኖ ሕክምናውን እንዳያዘገይ እፈራለሁ። ቫይታሚን ሲም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም። እርጥቡ በ100 ግራም 12 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ ብርቱካን ከ50 በላይ። ሲደርቅና ሲፈላ ያችም ትቀንሳለች። ካፌይን ግን የለውም። ማታ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ያለ ሥጋት ሊጠጣው ይችላል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ጥርስን አትርሱ። ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ይዞ ጭልፍ እያደረጉ መጠጣት ጥርሱን ያለማቋረጥ አሲድ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ከምግብ ጋር፣ ባንድ መቀመጫ ጠጡት። ከዚያ በውሃ ተጉመጥመጡ። ጥርሳችሁን ወዲያው አትቦርሹ፤ አሲዱ የጥርሱን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው ቡርሹ ይፍቀዋል። ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ወንፊቱ ላይ የቀረው

ከተጠለለ በኋላ የቀረውን ከርከዴ አትጣሉት። ገና ቀለምና አሲድ አለው። ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ጨምሩበትና ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ቀጠን ያለ ሁለተኛ ይወጣዋል። ለብቻው ደካማ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲቀላቀል ግን በቀዝቃዛ ውሃ ከማቅጠን ይሻላል።

ወይም ደግሞ እንዲህ አድርጉ። የቀረውን ከርከዴ በቢላ ክተፉት። የክብደቱን ግማሽ ስኳርና ጥቂት ውሃ ጨምሩበት። በዝግታ እሳት ላይ እስኪወፍር አማስሉት። መጠጡ ውስጥ ያልፈለግነው ያ ፔክቲን አሁን ይጠቅማል፤ ሲቀዘቅዝ ዳቦ ላይ የሚቀባ ቀይ ማርማላታ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ በሳምንት ጨርሱት። እጃችሁና የመክተፊያው እንጨት ይቀላል፤ ሎሚና ጨው ፈትጋችሁ እጠቡት እንጂ በሳሙና ብቻ አትጀምሩ፤ ሳሙናው ቀዩን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል።